የሠለጠኑ አለቆች ለምን ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ይመለሳሉ?

ጥያቄ፦ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። የመስመር ተቆጣጣሪዎቻችንን ለአንድ ሳምንት ብናሠለጥንም፣ ከሁለት ወር በኋላ ጩኸቱም ቅሬታውም እንደ ቀድሞው ሆነ። ሥልጠናው ከንቱ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ከተቆጣጣሪዎቹ በላይ ያሉትን ኃላፊዎች ሳትዘነጉ አልቀራችሁም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዊን ፍሌይሽማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ኩባንያ የሠለጠኑ ፎርማኖችን ሲያጠና፣ ሥልጠናው እንዳበቃ ለሠራተኛው ያላቸው አሳቢነት ከፍ ብሎ ቢገኝም፣ ወደ ሥራቸው ከተመለሱ በኋላ ጠባያቸውን ይበልጥ የሚወስነው የራሳቸው አለቃ አመራር እንደሆነ ተገንዝቧል። የምርት ሥራ አስኪያጁ በየሰዓቱ ስለ ኮታ ብቻ የሚቆጣ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪዋ የተማረችውን ትታ ያንኑ ቁጣ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ታወርደዋለች፤ እኔ በእርሷ አልፈርድም።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጆቹን ጨምራችሁ አሠልጥኑ። ይዘቱም ሠራተኛው በሥራው የት እንደደረሰ መንገርን፣ ሲገባው ማመስገንን፣ የሚነካውን ለውጥ አስቀድሞ ማሳወቅን ያካትት። እርካታንና ምርትን ግን ለየብቻ ለኩ፤ ደስ ያለው ሠራተኛ ሁልጊዜ ብዙ ያመርታል ማለት አይደለምና፣ ከሥልጠናው በፊትና ከ3 ወር በኋላ ከሥራ መቅረትን፣ መልቀቅንና የተበላሸ ስፌትን አነጻጽሩ።