ዲስክ ቼክ ያገኘውን ነገር የት ጽፎ ይተወዋል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ገብቶኛል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሱ ዲስክ መፈተሽ ጀመረ፤ ለአፍታ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ጨርሶ ዴስክቶፑን ከፍቷል። ምን አግኝቶ እንደነበር አሁን ማየት ትፈልጊያለሽ። አይዞሽ፣ አልጠፋም። እኔም እንዲሁ አምልጦኝ ሲ ድራይቭን ስበረብር አምሽቻለሁ። ችግሬ የጽሑፍ ፋይል መፈለጌ ነበር። ዊንዶውስ ውጤቱን የሚጽፈው ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የክስተቶች መዝገብ (ሎግ) ማሳያ ውስጥ ነው።

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ኢቨንት ቪውወርን ምረጪ። በግራ በኩል ዊንዶውስ ሎግስን ዘርግተሽ አፕሊኬሽን የሚለውን ክፈቺ። የዲስክ ነገር ነው ብዬ እኔ መጀመሪያ የገባሁት ሲስተም ውስጥ ነበር፤ እዚያ የለም። መዓት መስመር ይደረደርልሻል። በቀኝ በኩል ፊልተር ከረንት ሎግን ተጫኚና ሶርስ ከሚለው ሳጥን ዊንኢኒትን ምረጪ። የኢቨንቱ ቁጥር 1001 ነው፤ ግን በቁጥሩ ብቻ አትፈልጊ። የፕሮግራም ብልሽት የሚመዘግበው ክፍልም ይህንኑ 1001 ስለሚጠቀም፣ የማይመለከትሽ ነገር ይቆለልብሻል።

ፍተሻውን ዊንዶውስ ተከፍቶ እያለ ራስሽ አስጀምረሽው ከነበረ ደግሞ ሶርሱ ቼክዲስክ ይባላል። እየጠገነ ከሠራ ቁጥሩ 26214፣ በስካን ብቻ ከሆነ 26226 ነው።

ካገኘሽው በኋላ ከታች ያለውን ረጅም ጽሑፍ ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። ዛሬውኑ አድርጊው፤ ካልቀየርሽው በቀር የዚህ ሎግ መጠን 20 ሜጋባይት ነው፣ ሲሞላ የቆየውን እየሰረዘ ነው የሚቀጥለው። ከዚያ ወደ መጨረሻው ውረጂ። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው «ባድ ሴክተርስ» (የተበላሹ የዲስክ ቦታዎች) የሚለውን መስመር ነው። «0 ኬቢ» ካለ ደግ። «ሜድ ኮሬክሽንስ» የሚል ካለበት የፋይል አደረጃጀቱን አስተካክሏል ማለት ነው። ድንገት መብራት ጠፍቶበት የተዘጋ ኮምፒውተር ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል፣ ብቻውን ብዙም አያስፈራ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በራሱ የሚነሳው ፍተሻ የዲስኩን ገጽ አንድ በአንድ አያነብም። ያንን የሚያደርገው ስላሽ አር (/r) የተጨመረበት የቼክዲስክ (chkdsk) ትእዛዝ ነው፤ ትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ያቺ 0 ዲስኩ ጤነኛ ነው ብላ አትመሰክርም። እኔን የሸወደችኝ እሷ ናት። 0 አይቼ ተኛሁ። ፎቶዎች መከፈት እምቢ ሲሉ በስላሽ አር አስኬድኩት፣ 12 ኬቢ አለኝ። ክላስተሩ፣ ማለትም ዲስኩ ፋይል የሚያስቀምጥበት ትንሹ ክፍል፣ 4 ኪሎባይት ስለነበር ሦስት ቦታ ሞቷል ማለት ነው። «ሦስት ምን አላት» ብዬ ተውኩት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደገምኩት፣ 48 ሆነ። የዚያኑ ማታ ያለኝን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ። አሮጌው ብዙ አልቆየም፣ እየተንቋቋ ቆመ።

አሁን ሲስተም ሎግ ውስጥም መግባት ይጠቅምሻል። ሶርሱ ዲስክ፣ ቁጥሩ 7 የሆነ ኢቨንት ካገኘሽ፣ ዲስኩ ራሱ ማንበብ ያልቻለው ቦታ አለ ማለት ነው። እሱ ከተደጋገመ ስላሽ አርን አታስቀድሚ፤ መጀመሪያ ፋይልሽን ገልብጪ። ፍተሻው ራሱ ለደከመ ዲስክ ከባድ ሥራ ነው።

ፋውንድ ነጥብ ሦስት ዜሮ የሚባል ፎልደር ሲ ላይ ካየሽ ደግሞ ቫይረስ አይደለም። ፍተሻው ባለቤት ያጣበትን የፋይል ቁርጥራጭ የሚያጠራቅምበት ነው፤ የጎደለብሽ ነገር መኖሩን ሳታጣሪ አታጥፊው።

የባድ ሴክተርሱን መስመርና ቁጥር 7 ስንቴ እንደተመዘገበ ንገሪኝ፣ ከዚያ ዲስኩ ይቀየር አይቀየር እናያለን።