«5 − ሀ» ብላ ለምትጽፈው ልጅ

ሰላም እህቴ። የሰባተኛ ክፍል ልጅሽ በቁጥር ጎበዝ ሆና ሳለ ፊደል ሲገባበት እንደምትደናገር፣ «5 ከአንድ ቁጥር ላይ ሲቀነስ» ሲባል በ«ሀ − 5» ፈንታ «5 − ሀ» ብላ እንደምትጽፍ ነግረሽን ምን ላድርግ ብለሻል። ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን ስሕተት ያላየሁበት ክፍል የለም። ልጅሽ ሰንፋ አይደለም፤ የሰማችውን በሰማችው ቅደም ተከተል ጻፈችው እንጂ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። «ሲበልጥ ካለ ደምሪ፣ ሲያንስ ካለ ቀንሺ» የሚል ዝርዝር አታስሸምድጃት። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አስሸምድድ ነበር፣ ልጆቹን ጎዳኋቸው። ይህን ጥያቄ ተመልከቺ፦ እህት ወንድሟን በ5 ዓመት ትበልጠዋለች፤ የእህት ዕድሜ ሀ ከሆነ የወንድሟ ስንት ነው? ዝርዝሩን የሸመደደ ልጅ «ትበልጣለች» የሚለውን አይቶ ሀ + 5 ይላል። እህት 12 ዓመቷ ቢሆን ብሎ ያሰበ ልጅ ግን ወንድሟ 7 እንደሆነ ያያል፣ ሀ − 5 ብሎ ይጽፋል።

እናቱ ጉሊት እንቁላል የሚሸጡ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ ፊደል ሲያይ እርሳሱን ያስቀምጣል። አንድ ቀን ደብተሩን አስዘግቼ «6 እንቁላል ገዝቼ ለታክሲ 20 ብር ብከፍል ስንት አወጣለሁ?» አልኩት። «እንቁላሉ ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። የጎደለውን ራሱ አገኘው። እስቲ 15 ይሁን፣ 18 ይሁን፣ 20 ይሁን እያልኩ እንዲህ አስጻፍኩት፦

6 × 15 + 20
6 × 18 + 20
6 × 20 + 20

እንዳያሰላው ከለከልኩት። ከላይ እስከ ታች የሚለወጠውን ብቻ አክብብ አልኩት፤ መሀል ያለውን ዋጋ አከበበ። በተከበበው ቦታ ፊደል ሲገባ 6ሀ + 20 ሆነ፤ 6ሀ ማለት 6 × ሀ ነው። መጽሐፉ «ተለዋዋጭ» የሚለው ያንን የተከበበውን ነው።

እውነቱን ለመናገር እሱ መጀመሪያ የጻፈው «እ» ነበር፤ እንቁላል ለማለት። «6እ ማለት ምንድን ነው?» ስለው «ስድስት እንቁላል» አለኝ። ብዙ ልጅ መንገድ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ፊደሉ የዕቃው አሕጽሮት አይደለም፣ የቁጥር ቦታ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ «ሀ = የአንድ እንቁላል ዋጋ በብር» የምትል መስመር ሳይጽፉ እንዲጀምሩ አልፈቅድም። ፊደሉንም ከዕቃው ስም አልወስድም።

ፊደሉ ቢከብዳት አይፈረድባትም። የአልጀብራ አባት የሚባለው የ9ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳድ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ ያልታወቀውን ቁጥር «ነገር» እያለ ሁሉን በቃላት ነበር የሚጽፈው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ቪዬት ፊደልን በሥርዓት መጠቀም የጀመረው በ1591 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ልጅሽም መጀመሪያ በአፏ ትናገረው።

አሁን ወደ «5 − ሀ» ልመለስ። «ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ሲቀነስ» እና «5 ከአንድ ቁጥር ላይ ሲቀነስ» የሚሉትን ጎን ለጎን ጻፊላት። በአማርኛችን ቃላቱ ቦታ ቢለዋወጡም የሚቀነስበት ቁጥር «ከ» ያለበት ነው፤ ሁለቱም ሀ − 5 ናቸው። የመጀመሪያውን ስላገኘችው ብቻ ገብቷታል ብለሽ አትደምድሚ፣ ቅደም ተከተሉ ገጥሞላት ሊሆን ይችላል። በቁጥር ትሞክረው፦ 5 ብር ከ12 ብር ላይ ሲቀነስ 12 − 5 ብላ ነው የምትጽፈው። ከዚያ 12ን አጥፍታ ሀን ትተካ። ሦስተኛ አድርገሽ «ከ5 ላይ አንድ ቁጥር ሲቀነስ» የሚለውን ጨምሪላት፤ 5 − ሀ ትክክል የሚሆነው እዚህ ነው።

ቅንፍም እንዲሁ በቁጥር ይታያል። «የአንድ ቁጥርና የ3 ድምር ሁለት እጥፍ» 2(ሀ + 3) ነው፤ በ10 ብትሞክረው 26 ይመጣል፣ 2ሀ + 3 ግን 23።

ምናልባት 6ሀ + 20ን «ልጨርሰው» ብላ 26ሀ ታደርገው ይሆናል። መልስ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ሆኖ የሚያልቅ ስለሚመስላቸው ነው። አትቆጪያት፤ በሀ ቦታ 10 አስገቢ በያት። አንዱ 80፣ ሌላው 260 ይሆንባታል፤ ራሷ ትሰርዘዋለች።

ዛሬ ማታ የእህትና የወንድሙን ጥያቄ ስጪያትና የጻፈችውን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፤ አይቼ እመልስልሻለሁ።