ከቢሾፍቱ እስከ ሀዋሳ በብስክሌት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። በጥቅምት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በየትንንሹ ከተማ እያደርን ሀዋሳ ለመድረስ አስበናል። በስንት ቀን ብንከፍለው ይሻላል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በአራት ቀን። ወሩን ጥሩ መርጣችኋል፤ ዝናቡ ወጥቷል፣ ማሳውም ገና አልደረቀም። ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ ያለውን 45 ኪሎ ሜትር ግን አትንዱት። ቃሊቲ፣ አቃቂና ዱከም ከባድ መኪና ይበዛባቸዋል፣ ለብስክሌት የሚተርፍ ጠርዝም የለም። ሚኒባስ ላይ ጫኑት። ዋጋውን ሳይጫን ተስማሙ፤ ብስክሌቱን ስታስተኙት የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ከታች ከሆነ ይጣመምና ማርሹ አልገባ ይላል።

የመጀመሪያው ቀን በሞጆ አድርጎ እስከ መቂ ነው፣ ወደ 85 ኪሎ ሜትር። የፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አያስገባም፤ በአሮጌው መንገድ ሂዱ፣ ከተሞቹም ያሉት እዚያው ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ባቱ (ዝዋይ) ሐይቁ ዳር ዓሳ በልታችሁ ላንጋኖ እደሩ። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለበት። መዋኘቱን ለላንጋኖ አቆዩት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በሦስተኛው ቀን ነው። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ፣ አርሲ ነገሌ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከነጓዝ ሲወጡት እግር ይበላል። አርሲ ነገሌ እደሩ፤ በአረቄዋ የታወቀች ናት፣ እሱን ግን ሀዋሳ ለገባ ሰው ተዉት። በማግስቱ ሻሸመኔን አልፎ ሀዋሳ ለመግባት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል።

በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። በስምጥ ሸለቆው ከቀትር በኋላ ሙቀቱም ነፋሱም ይበረታል። ለአንድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ያዙ፤ ላብ ሲበዛ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የሰውነት ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ። ለስንቅ በሶን የሚያህል የለም። ባቱና መቂ የወባ አገር ስለሆኑ አጎበር አትርሱ። ማታ ማታ ስለ ቀጣዩ መንገድ ሰላም ሾፌሮችን ጠይቁ፤ «አትሂዱ» ካሏችሁ በመኪና እለፉት።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን ከጀርመን ይዤ እመጣለሁ። ጎማ ቢፈነዳ የገጠር ጎሚስታ ይሠራልኛል?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ችግርዎ ቫልቩ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ የጉዞ ብስክሌቶች ቀጭኑን ቫልቭ ነው የሚይዙት፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግን ለመኪና ቫልቭ የተሠራ ነው፣ አይገጥምም። ሁለቱን የምታገጥመውን ትንሿን የነሐስ ማገናኛ ሁለት ገዝተው ይምጡ፣ አንዷ መጥፋቷ አይቀርም። ኮምፕሬሰሩ ለከባድ መኪና የተሠራ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ጥቂት ጥቂት እያስነፉ በጣትዎ ይፈትሹ። 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማ ከነጓዙ ከ4 እስከ 5 ባር ይበቃል፣ ኋላው ከፊቱ ይብለጥ።

መለጠፉን ራስዎ ይልመዱት። በባቱና በላንጋኖ መሃል፣ ቡልቡላ አካባቢ የግራር እሾህ ይበዛል። የውስጡን ጎማ መልሰው ከማስገባትዎ በፊት የላዩን ጎማ ውስጡን በጣት ሳይሆን በጨርቅ ዳብሰው እሾሁን ያውጡ፤ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል። የቀዳዳውን ዙሪያ በአሸዋ ወረቀት ያሻክሩ፣ ማስቲሹን በስሱ ይቀቡ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ይታገሱ። ልጣፍ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ማስቲሹ ሳይደርቅ ስለሚለጠፍ ነው፤ ሲነኩት ጣት ላይ መያዝ የለበትም። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ላስቲክና የሰንሰለት ማያያዣ ይያዙ። ሰንሰለቱን ዘይት አያብዙበት፤ አቧራ ይሰበስብና ጥርሱን ይበላዋል፤ ቀብተው ትርፉን ይጥረጉ።

ለአውሮፕላን ፔዳሉን ሲፈቱ የግራው በተቃራኒው እንደሚዞር ያስታውሱ። በጉልበት ከታገሉት ጥርሱ ያልቃል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ውሻ ቢያሳድደኝስ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይሽቀዳደሙት። ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መሃል ያድርጉ፣ ቀስ ብለው እየገፉ ይለፉ። አብዛኛው ውሻ የሚከተለው የሚሮጠውን ነው። ከነከሰዎት ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፣ በዚያው ቀንም ለእብድ ውሻ ክትባት ጤና ተቋም ይሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው ለነገ አያሳድሩት።