ጥያቄና መልስ፦ ሱፐር ማሪዮ 64 በ3ዲኤስ

ጥያቄ፦ የጌሙ አፍቃሪዎች ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ ያዘጋጁትን የሱፐር ማሪዮ 64 ፖርት (ለሌላ ማሽን የተዘጋጀ ቅጂ) ኮምፒውተሬ ላይ ኮምፓይል ሳደርግ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስቀይር) «ሃሹ ትክክል አይደለም» ብሎ ገና ከጅምሩ ይቆማል። ያው ሮም (የጌሙ ካርትሪጅ ቅጂ ፋይል) ግን ኢሙሌተር (የኮንሶሉን ሥራ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምናልባት ምንም አላጠፉም፤ የሮሙ ባይቶች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። ፖርቱ ኢሙሌተር አይደለም። የጌሙ ኮድ ከማሽን ቋንቋ ወደ ሲ ተመልሶ በ2019 ይፋ ወጣ፣ በ2020 የኮምፒውተር ፖርት ተሠራለት፣ የ3ዲኤሱም ከዚያ የመጣ ነው። ሥዕሉና ሙዚቃው የኒንቴንዶ ንብረት ስለሆነ ከኮዱ ጋር አይመጣም፤ ኮምፓይል ሲደረግ ከራስዎ ካርትሪጅ ከቀዱት ሮም ላይ ይወሰዳል። ትክክለኛው ሮም መሆኑ የሚጣራው በሃሹ፣ ማለትም ከፋይሉ ባይቶች ሁሉ በሚሰላ መለያ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አንድ ባይት እንኳ ቢዛነፍ አይቀበለውም።

ሮሙን በሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ባይቶች በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተው የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች ይዩ። 80 37 12 40 ከሆነ ደህና ነው። 37 80 40 12 ከሆነ ጥንድ ጥንዱ ቦታ ተለዋውጧል። 40 12 37 80 ከሆነ ደግሞ አራት አራቱ ከኋላ ወደ ፊት ተጽፏል። ኢሙሌተር ይህን አይቶ ራሱ ስለሚያስተካክለው ነው ችግሩ ያልታየዎት። የፋይሉን ቅጥያ «ዜድ64» ብሎ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ውስጡ እንዳለ ነው፤ ባይት በሚያገላብጥ ፕሮግራም ያስተካክሉት።

ይህ ደህና ሆኖ አሁንም እንቢ ካለ መጠኑን ይመልከቱ፦ የአሜሪካው ሮም ልክ 8,388,608 ባይት ነው። ቀጥሎ 63ኛውን ባይት ይዩ። 45 ከሆነ የአሜሪካ፣ 50 ከሆነ የአውሮፓ ነው። የአውሮፓውን «ቤዝሮም ዩኤስ» በሚለው የፋይል ስም ካስቀመጡት ሃሹ መቼም አይገጥምም። ሰው ነካክቶ የቀየረው ሮምም እንዲሁ ነው።

ሃሹን ካለፉ በኋላ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ከመጣ የፎልደሩን ስም ይጠርጥሩ። ወደ ፋይሉ በሚወስደው የፎልደር አድራሻ (መንገድ) ውስጥ በፊደላት መካከል አንድ ክፍት ቦታ ካለ (ብዙ ጊዜ በዊንዶውስ የተጠቃሚ ስም ውስጥ ይገኛል) ኮምፓይሉን የሚያካሂደው «ሜክ» የተባለው ፕሮግራም መንገዱን ለሁለት ቆርጦ ያነበዋል። ክፍት ቦታ በሌለው አጭር ፎልደር ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ጌሙ ተከፈተ፣ ማሪዮም ይዘላል፤ ድምፅ ግን ጭራሽ የለም። ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሌላ ጌም ላይ ድምፅ ካለ ስፒከሩ ጤነኛ ነው። የ3ዲኤስ የድምፅ ፕሮሰሰር (ዲኤስፒ) ለመነሣት የራሱ ፈርምዌር (የውስጥ ፕሮግራም) ይፈልጋል። የተገዙ ጌሞች ይዘውት ይመጣሉ፤ በግል የተሠሩት ግን የኒንቴንዶ ንብረት ስለሆነ ሊይዙት አይችሉም። ከራስዎ ኮንሶል ላይ አንድ ጊዜ መቅዳት ነው። ሉማ (በግል የተሠሩ ጌሞችን ለማስኬድ ኮንሶሉ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር) የተጫነበት ከሆነ ኤል፣ የአቅጣጫ ቁልፉን ወደ ታችና ሴሌክትን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ሮዛሊና የሚባለው ሜኑ ይመጣል። በልዩ ልዩ አማራጮች ሥር የዲኤስፒ ፈርምዌርን ዳምፕ የሚያደርገውን (የሚቀዳውን) ይምረጡ። ፋይሉ የኮንሶሉ ኤስዲ ካርድ ላይ ባለው የ3ዲኤስ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ከጌሙ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

ጥያቄ፦ በጓደኛዬ «ኒው 3ዲኤስ» ላይ ይፈሳል፣ በእኔ አሮጌ ላይ ግን ይንቀራፈፋል። ካርዱን ወደ 64 ጊጋባይት ብቀይረው ይሻላል?

መልስ፦ ካርዱ አያፈጥነውም። የእርስዎ ፕሮሰሰር በ268 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ የጓደኛዎ እስከ 804 ይደርሳል። መጀመሪያ የ3ዲ ማንሸራተቻውን እስከ ታች ያውርዱት፤ 3ዲ ሲበራ እያንዳንዱ ምስል ለሁለቱ ዓይን ሁለት ጊዜ ይሣላል፣ ለደካማ ማሽን ትልቁ ሸክም እሱ ነው። 64 ጊጋባይቱን ለሌላ ጉዳይ ከገዙት ግን ሲመጣ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ስለሚሆን 3ዲኤሱ አያነበውም፤ በፋት32 ፎርማት ያድርጉት።