ሃይድሮጄልን በማዕድን ናኖ ቅንጣት ማጠንከር፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

መላሹ፦ ስለ አልጂኔት (ከባሕር አረም የሚወጣ ፖሊመር) ሃይድሮጄል፣ ማለትም ውሃ አዝሎ ስለሚረጋ ጄል፣ እና ስለ ሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ማዕድን) ናኖ ቅንጣት ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ቅንጣቱን አታድርቁት። አንዴ ደርቆ የተጣበቀ ናኖ ቅንጣት መልሶ አይበተንም።

ቦርከና፦ ጋሼ፣ ጄሌ እየተፈረካከሰ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

መላሹ፦ ምን ጄል? ስንት ከመቶ? ካልሲየሙን በምን ሰጠኸው? ይህን ሳትጽፍ መልስ የለኝም።

ቦርከና፦ አልጂኔት 2 ከመቶ፣ ሃይድሮክሲአፓታይት 5 ከመቶ። ካልሲየም ክሎራይድ አፈሰስኩበት።

መላሹ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ክሎራይዱ የነካውን ወዲያው ስለሚያረጋው ላዩ ቆዳ ያበጃል፣ ውስጡ ፈሳሽ ይቀራል። ካልሲየሙ ከውስጥ ቀስ ብሎ ይለቀቅ። ለ100 ሚሊ ሊትር 2 ግራም አልጂኔት፣ 0.3 ግራም የላመ ካልሲየም ካርቦኔት፣ መጨረሻ ላይ 1.07 ግራም ግሉኮኖ ዴልታ ላክቶን። ላክቶኑ ውሃ እንደነካ ወደ አሲድ መለወጥ ስለሚጀምር ቀድመህ አትበጥብጠው፤ ካርቦኔቱን አሟሙቶ ካልሲየሙን የሚለቀው ይኸው አሲድ ነው። ላክቶኑ ለካርቦኔቱ በሞል (በሞለኪውል ቁጥር) ሁለት ለአንድ ሲሆን ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ወደ ገለልተኛው ይጠጋል።

ደግሞ 5 ከመቶው በዝቷል። የተጓጎለ ቅንጣት ጄሉን አይደግፍም፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከጓሉ ነው። ስባሪውን ብርሃን ላይ ያዘው። ነጭ ነጠብጣብ ካየህ፣ ልክ እንደ ገንፎ ጓል፣ መሃሉ ያልራሰ ዱቄት ነው። 0.5፣ 1 እና 2 ከመቶ ሠርተህ ምንም ካልገባበት ጄል ጋር አወዳድር።

ሐይቅ፦ ቅንጣቱን እዚሁ መሥራት እንችላለን?

መላሹ፦ ይቻላል እህቴ። 11.8 ግራም ካልሲየም ናይትሬት (አራት ውሃ ያለው) በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሚ። በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ደግሞ 3.96 ግራም ዳይአሞኒየም ፎስፌት። የካልሲየምና የፎስፈረሱ ምጥን 1.67 የሚሆነው በዚህ ነው። ጭስ መሳቢያ ስር ሁለቱንም በአሞኒያ ፒኤቻቸውን ከ10 በላይ አድርሺ። ከዚያ ፎስፌቱን ወደ ካልሲየሙ በጠብታ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ማማሰሉ ሳይቋረጥ። ፒኤቹ ሲወርድ አሞኒያ ጨምሪ፤ ከተውሽው ሌላ ዓይነት ካልሲየም ፎስፌት ይወጣል። አሳድሪው፤ በማግስቱ በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ቅንጣቱን በሚያዘቅጥ ማሽን) እያጠብሽ ውሃው ገለልተኛ እስኪሆን ደጋግሚ። 5 ግራም ገደማ ይወጣል። እንደ ሊጥ እርጥቡን አስቀምጪው፣ አታድርቂው። በሚሊ ሊትር ስንት ግራም ቅንጣት እንዳለ ለማወቅ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ አድርቀሽ መዝኚ።

ጦሳ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሥጋ ቤት የሚጣለውን የበሬ አጥንት በ900 ዲግሪ አቃጥሎ መፍጨት ነው።

ሐይቅ፦ እሱ ናኖ አይሆንም።

ጦሳ፦ ወፍጮው ካላመውስ? ማዕድኑ ያው ነው።

ቦርከና፦ ጦሳ እውነቱን ነው። ናይትሬቱን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

መላሹ፦ ማዕድኑ ያው ነው፣ የቅንጣቱ ትልቀት ግን ያው አይደለም። በዚያ ሙቀት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ የተለመደው ወፍጮ ማይክሮን ላይ ያቆማችኋል። የአጥንቱን ክርክር እዚህ ላይ ተዉት።

ሐይቅ፦ ጄሌ ፎስፌት ቡፈር (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ሁለት ቀን ቆይቶ ሟሟ።

መላሹ፦ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ነጥቆሽ ነው። በቡፈሩ ፋንታ 0.9 ከመቶ የገበታ ጨው በውሃ አሟሚና 2 ሚሊሞላር (በሊትር 2 ሚሊሞል) ካልሲየም ክሎራይድ ጨምሪበት።

ቦርከና፦ ላፖናይትስ፣ ሰው ሠራሹ የናኖ ሸክላ?

መላሹ፦ እኔ ብዙ አልሠራበትም። በተጣራ ውሃ ብቻ በትነው፤ ጥርት ሲል ፖሊመሩን (አልጂኔቱን) ጨምር፣ ጨው መጨረሻ። ጨው ከቀደመ ይጓጉላል።

ጦሳ፦ ቅንጣቱን በትንሹ ኦቨን ባስገባውስ?

መላሹ፦ ስንት ጊዜ ልበል? አይደርቅም።

ቦርከና፦ ቁስል ላይ መቀባት ይቻላል?

መላሹ፦ አይቻልም። ቤተ ሙከራ የሠራነው ጄል ሰው ላይ አይደረግም።

ሐይቅ፦ ከሕዋስ ጋር ለመሞከር ሁሉንም አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) ላድርገው?

መላሹ፦ አልጂኔቱን አይሆንም፤ ሙቀቱ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፣ ጄሉም ይልፈሰፈሳል። ቅንጣት ሳይገባበት፣ ቀጭን ሳለ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፊው። ቅንጣቱን ግን ውሃው ውስጥ እንዳለ አውቶክሌቭ አድርጊው፤ ሲወጣ በበረዶ ላይ እንደገና በአልትራሳውንድ በትኚው። የአውቶክሌቩን የግፊት ጌጅ ግን በጭፍን አትመኚ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጭው አየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ሲል ውስጡ ገና ወደ 116 ዲግሪ ነው። 121 የሚሞላው ጌጁ ወደ 19 ሲጠጋ ነው። ማሽኑ ያን ያህል እንደሚችል ሰሌዳው ላይ አንብቢ። ካልቻለ በ15 ላይ አቁመሽ 30 ደቂቃ ያዢው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ልዩነቱ ያንሳል፣ ግን እዚያም አለ።