የቃላት ደመናሽ ነጭ ሳጥን ይዞ የወጣው ለምንድን ነው?

እኅቴ፣ የክፍልሽን ልጆች ስም በጀበና ቅርጽ ደርድረሽ የቃላት ደመና ሠርተሻል፤ ኮምፒውተርሽ ላይ አምሯል፤ ጥቁር ቲሸርት ላይ ሲታተም ግን ጀበናው ነጭ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ወጣ። «ነጩን ዳራ እንዴት ላጥፋው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አነስተኛ የዲዛይንና የኅትመት ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የምረቃ ወቅት ሲደርስ የተማሪዎች ቲሸርት ይበዛብናል፤ ግማሹም አንቺ የገጠመሽን ችግር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የማውቀውን ሳልሰስት ልንገርሽ።

መጀመሪያ የፋይሉ ዓይነት። ያስቀመጥሽው በጄፔግ ነው ብለሻል። ጄፔግ ግልጽነትን፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ባዶ ቦታን፣ መያዝ አይችልም፤ ዳራውን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ብታጠፊ ባዶውን ቦታ መልሶ በቀለም ይሞላዋል። ፒኤንጂ የተባለው የፋይል ዓይነት ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ ለተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሌላ አልፋ የሚባል አራተኛ ቁጥር ይይዛል። 0 ከሆነ ከሥር ያለው ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ 255 ከሆነ ምንም አያሳልፍም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልጨምር፦ በትክክል የተሠራ ፒኤንጂ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ግልጽነቱ ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር 40 ጥቁር ቲሸርት የማተም ሥራ ተቀበልሁ። የቃላት ደመናውን ጊምፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ፣ «ፈዚ ሴሌክት» በሚለው መሣሪያ ከቃላቱ ውጪ ያለውን ነጭ አንዴ ጠቅ አድርጌ ሰረዝሁት። ስክሪኑ ላይ ንጹሕ ነበር። ታትሞ ሲወጣ ግን በየፊደሉ ሆድ ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ቀርቷል። የእኛ ፊደል እኮ የተዘጋ ሆድ ይበዛበታል! የ«ዐ» ክብ፣ የ«መ» ሁለት ቀለበቶች፣ የ«ወ»፣ የ«ቀ»፣ የ«ፀ»። ያ መሣሪያ የሚመርጠው እርስ በርሱ የተያያዘውን ነጭ ብቻ ስለሆነ በፊደል የታጠረው ነጭ ያመልጠዋል። 40ውን ቲሸርት በራሴ ወጪ ደግሜ አተምሁ፤ ትምህርቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የአንቺ ጀበና ደግሞ እጀታው ቀዳዳ ስላለው ያው ችግር ይጠብቅሻል።

መፍትሔው በዚያው በጊምፕ ውስጥ አለ። ምስሉን ከፍተሽ ከ«ሌየር» ዝርዝር «ትራንስፓረንሲ»፣ ከዚያ «አድ አልፋ ቻነል» በዪ። ቀጥሎ «ከለርስ» ውስጥ ያለውን «ከለር ቱ አልፋ» መርጠሽ ነጭን ስጪው። ነጭ ያለበትን ሁሉ፣ የፊደሉን ሆድ ጨምሮ፣ ያወጣዋል። ይህን መንገድ የምወድበት ምክንያት ጠርዙ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን ለስላሳ አድርጎ ለማሳየት ጠርዙ ላይ ከነጭ ጋር የተቀላቀሉ ፒክስሎችን ያስቀምጣል። ነጩን መርጠሽ ብቻ ከሰረዝሽው እነዚያ ድብልቆች ይቀሩና ጥቁር ጨርቅ ላይ በየቃሉ ዙሪያ የነጣ ክር ይመስላሉ። «ከለር ቱ አልፋ» ከድብልቁ ውስጥ ነጩን ብቻ ይቀንሳል። አንድ ጉድለት አለው፦ ፈዛዛ ሮዝ፣ ቀላል ግራጫ፣ የክሬም ቀለም የመሳሰሉትም ነጭ ስላለባቸው ግማሽ በግማሽ ያሳልፋሉ፤ ጥቁር ላይ ሲታተሙ ይደበዝዛሉ። ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ግን አይነኩም። ቀለሞችሽን ደማቅ አድርጊ።

ይህ ሁሉ ግን የተሠራውን ማስተካከል ነው። በእኔ እምነት የተሻለው ነጩን ከመጀመሪያው አለመፍጠር ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠሪ ከሆነ «ወርድክላውድ» የተባለው ዝግጁ የኮድ ስብስብ ዳራውን «ነን» (None)፣ የቀለም ሞዱን አልፋን በሚጨምረው «አርጂቢኤ» (RGBA) ብትዪው ግልጽ ዳራ ያለው ምስል በቀጥታ ይሰጥሻል። በዚህ ጊዜ የአማርኛ ፎንት ፋይል የት እንዳለ ንገሪው፤ አብሮት የሚመጣው ፎንት የእኛን ፊደል ስለማይዝ ከስሞቹ ይልቅ ባዶ ሳጥኖች ታገኛለሽ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነጻ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚደናገርበት ነገር አለ። ለፕሮግራሙ ቅርጹን የምታሳዪበት የጀበና ምስል ዳራው ግልጽ መሆን የለበትም፤ ድፍን ነጭ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ «እዚህ አትጻፍ» የሚለውን የሚረዳው ሦስቱም የቀለም ቁጥሮቹ ልክ 255 የሆኑ ነጭ ሲያገኝ ብቻ ነው። ግልጽ ፒክስል ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጥቁር ስለሚቆጠር፣ ዳራው የጠፋ ጀበና ከሰጠሽው ቃላቱ ሳጥኑን ሁሉ ይሞሉትና ጀበናው ይጠፋል። ጄፔግ ከሰጠሽውም ከጠርዙ አጠገብ 254፣ 253 የሆኑ ነጭ መሳይ ፒክስሎች ስላሉበት ቃላት ከቅርጹ ያፈተልካሉ። ስለዚህ የሚገባው ምስል ነጭ፣ የሚወጣው ግልጽ። ከኢንተርኔት የምታወርጂውን ጀበናም ተጠንቀቂ፤ ግራጫና ነጭ የዳማ ገበታ የሚመስለው ዳራ ብዙ ጊዜ የምስሉ አካል ነው እንጂ ግልጽነት አይደለም።

ስለ ስሞቹም አንድ ነገር ልበል፤ ባትጠይቂኝም ያሳስበኛል። ስምና የአባት ስም አንድ ላይ በጽሑፍ ካስገባሽ ፕሮግራሙ ለያይቶ ይቆጥራቸዋል። የአንዷ ስም የሌላው አባት ስም ከሆነ ተደጋግሞ ስለሚቆጠር ገዝፎ ይወጣል፤ «ሰላም» እና «ሠላም» ደግሞ ሁለት ቃል ይሆናሉ። የምረቃ ቲሸርት ላይ የማንም ስም ያለ ምክንያት ሊያንስ አይገባም። ለእያንዳንዱ ሙሉ ስም እኩል ክብደት (መጠኑን የሚወስን ቁጥር) በዝርዝር ስጪው፤ ረጅም ስም ለብቻው እንዳይደቅቅም ውጤቱን አንዴ ተመልከቺ።

ለመጠኑ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ወደ 3,540 ፒክስል ይፈልጋል። የቅርጹን ምስል ከመነሻው በዚያ ልክ አዘጋጂው፤ ትንሹን መለጠጥ ፊደሉን ያደበዝዛል።

ከማስረከብሽ በፊት ከምስሉ ሥር ጥቁር ሌየር (ንብርብር) ዘርግተሽ አጉልተሽ እዪው። የእጀታውን ቀዳዳና የ«መ»ን ሆድ ፈትሺ። ጥቁር ጨርቅ ላይ የሚያትመው ማሽን ከቀለሙ ሥር ነጭ ስለሚያነጥፍ፣ የቀረች ፈዛዛ ነጥብ ሁሉ ጎልታ ትወጣለች። ፋይሉን ለአታሚው በፍላሽ ውሰጂለት፤ ሌሎቹን ከመቀጠሉ በፊትም አንድ ቲሸርት ብቻ አትሞ እንዲያሳይሽ ጠይቂው።