የቆዳ ኢንፌክሽን ይዞት የመጣውን ሆስፒታል ላስተኛ ወይስ ወደ ቤቱ ልሸኝ ላልከው

ዶክ፣ "ሴሉላይትስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያሳብጥ ኢንፌክሽን) ያለበትን ሁሉ ላስተኛ ብል ይስቁብኛል፣ ልሸኝ ብል እፈራለሁ" ብለሃል። ድንገተኛ ክፍል ስጀምር እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ፍራ፣ ግድ የለም።

1. ሙቀቱ ከ38 በላይ ወይም ከ36 በታች፣ የልብ ምቱ ከ90 በላይ፣ ትንፋሹ ከ20 በላይ ከሆነ ልብ በል። ከነዚህ ሁለቱ ከተገናኙ ለመሸኘት አትቸኩል። የደም ግፊቱ ከወረደ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀማ ምን ጥያቄ አለው? ደግሞ ትኩሳቱን ደብቆት እንዳይሆን ፓራሲታሞል ውጦ እንደሆነ ጠይቅ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።

2. ህመሙን ከቅላቱ ጋር አመዛዝን። አንድ ስኳር ያለበት ሰውዬ መጣ። ጭኑ ላይ መዳፍ የምታክል ቅላት አለች። ከቅላቱ ውጪ ያለውን ደህና ቆዳ ስነካው እንኳ ይጮኻል። "ህመም የማይችል ሰው ነው" አልኩ በሆዴ። ትኩሳትም የለው። ለካ ቤቱ ፓራሲታሞል ውጦ ነው የመጣው! ክኒን ጽፌ ሸኘሁት።

በማግስቱ ተመለሰ። ቆዳው ጠቁሯል፣ ውሃ ቋጥሯል፣ ስጫነው ከሥሩ ይንኮሻኮሻል። ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ሥጋ በፍጥነት የሚገድል ኢንፌክሽን ነው። ለተረኛው ሰርጀን ብደውል "ለቅላት ነው የምትቀሰቅሰኝ? ሲቲ ስካን አስነሳና ደውል" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እንዲህ ያለው ሲቲ አይጠብቅም። የሞተው ሥጋ ካልተነሳ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በሦስተኛው እያጉረመረመ መጣ፣ ሲያየው ግን ዝም አለ። ሰውዬው ተረፈ። ከጭኑ ግን ብዙ ሥጋ ሄደ። የሰርጀኑን ኩርፊያ ረስቼዋለሁ፣ የእኔን ክኒን ግን አልረሳሁም።

3. የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምር፣ ሰዓቱንም ጻፍበት። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቢሰፋ አትደንግጥ። በሰዓታት ውስጥ መስመሩን ጥሶ ከሮጠ ግን አስተኛው። ክኒኑን የሚያስታውከውን፣ ወይም ሁለት ሦስት ቀን ውጦ እየባሰበት የመጣውንም እንደዚያው። ዓይኑ ዙሪያ አብጦ ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ የሚያመው ወይም እይታው የቀነሰ ካለም አትልቀቀው። መግል ብቻ የያዘውን ቅደደውና አፍስስለት፤ አብዛኛው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሁለቱም እግሮቹ እኩል የቀሉ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሴሉላይትስ አይደለም። አልጋህን አታባክን።

አሁን ስደውል "ህመሙ ከቅላቱ ይበልጣል" ብዬ ነው የምጀምረው። የደወልኩበትን ሰዓትም ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ።